የጻፉትን መሰረዝ፦ ለአካል ጉዳተኛ ጸሐፊ ስለሚሠራ የአማርኛ መጻፊያ መሣሪያ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ለአካል ጉዳተኞች የሚያገለግሉ የመጻፊያ መሣሪያዎች እንዴት ሊነደፉ እንደሚገባ የሚመለከት ነው። አብዛኞቻችሁ የሶፍትዌር ተማሪዎች ስለሆናችሁ ንግግሬን ከኮምፒውተር እንድጀምር ትጠብቁ ይሆናል፤ እኔ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ጣልያን አገር ከተጻፉ ጥቂት ደብዳቤዎች መነሣትን መርጫለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ካሮሊና ፋንቶኒ ዓይኗ የጠፋ፣ ከመኳንንት ወገን የሆነች ጣልያናዊት ነበረች። በዚያ ዘመን ማየት ለተሳነው ሰው ደብዳቤ መጻፍ ማለት የሚታመን ሰው ጠርቶ፣ አጠገብ አስቀምጦ፣ ቃል በቃል እየነገሩ ማስጻፍ ማለት ነበር። ፔሌግሪኖ ቱሪ የተባለ ወዳጇ በ1808 አካባቢ ፊደሎቹን በጣቷ እየመታች ወረቀት ላይ የምታሳርፍበት መኪና ሠራላት። መኪናው ዛሬ የለም፤ በእርሱ ከተጻፉት ደብዳቤዎች ግን ጥቂቶቹ ተርፈዋል። የጽሕፈት መኪናን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ነገር የሚያነሡት የመኪናውን ቀዳሚነት ለማሳየት ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ወይዘሮዋ በመኪናው ምክንያት ከሰው ጸሐፊ ተላቀቀች፤ የልቧን ለሦስተኛ ወገን ሳታሰማ መጻፍ ቻለች። ነገር ግን በቀለም የተመታ ፊደል በጣት አይዳሰስምና የጻፈችውን መልሳ ማንበብ አትችልም ነበር። ጣቷ አንድ ቁልፍ ቢስት የምታውቅበት መንገድ የለም፤ የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ሰው ጠርቷት ብታቋርጠው፣ ስትመለስ ከየት እንደምትቀጥል የሚነግራት ትዝታዋ ብቻ ነው። ደብዳቤው ከሌላ ሰው ዓይን ተሰወረ፤ ከራሷም ተሰወረ።

የማቀርበው ሐሳብ ከዚህ የሚነሣ ነው። የመጻፊያ መሣሪያ ስንሠራ ዘወትር የምንለካው ፊደሉ ምን ያህል ቶሎ እንደ ገባ ነው፤ በደቂቃ ስንት ቃል፣ በአንድ ፊደል ስንት ምት እያልን እንቆጥራለን። ነገር ግን ዓይኑ የሚያይ ሰው ሲጽፍ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት፤ እጁ ወደ ፊት ሲሄድ ዓይኑ ያለማቋረጥ ወደ ኋላ እየተመለሰ የተጻፈውን ይቃኛል፣ ይጠራጠራል፣ ይሰርዛል። ይህ መመለስ ሳይታሰብ የሚፈጸም በመሆኑ መሣሪያውን የሚነድፈው ሰው ሥራ መሆኑን እንኳ አያውቅም፤ ስለማያውቅም ለማያይ ወይም እጁ ለማይታዘዝለት ሰው በሚሠራው መሣሪያ ውስጥ ቦታ አይሰጠውም። ስለዚህ የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ጸሐፊው ብቻውን ሆኖ ወደ ጻፈው ሊመለስ፣ የሳተውን ሊያገኝ፣ ሊሰርዝና ሊያርም፣ ሲፈልግም ለማንም ሳያሳይ ጨርሶ ሊያጠፋው ይችላል ወይ?

በዚህ መለኪያ ስንሄድ የሉዊ ብሬል ሥራ ለምን ትልቅ እንደ ሆነ በተለየ መንገድ ይታየናል። ብሬል በሦስት ዓመቱ በአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት በወስፌ ተወግቶ ዓይኑን ያጣ ልጅ ነበር፤ በ1824፣ በ15 ዓመቱ፣ ቻርልስ ባርቢዬ ያወጣውን የአሥራ ሁለት ነጥብ ጽሕፈት ወደ ስድስት ነጥብ አወረደው። ስድስቱ ነጥቦች በአንድ የጣት ጫፍ ሥር ይያዛሉ፤ ስለዚህ ዓይነ ስውሩ ራሱ የጻፈውን ራሱ ያነባል። ስሌት በሚባለው ባለ ቀዳዳ የብሬል መጻፊያ ሰሌዳና ስታይለስ በሚባለው መውጊያ የተማራችሁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካላችሁ ግን የጎደለውን ነገር ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በስሌት ላይ የሚጻፈው በወረቀቱ ጀርባ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ነጥቡን ወደ ታች እየወጉ ነው፤ የጻፉትን ለማንበብ ወረቀቱን አላቅቆ መገልበጥ ያስፈልጋል፤ ካነበቡ በኋላም ያቋረጡበትን መስመር መልሶ ለማግኘት መድከም አለ። የተሳሳተ ነጥብ በጥፍር ወይም በስታይለሱ ጀርባ ይደፈጠጣል፤ የተደፈጠጠው ነጥብ ግን ጠባሳው አይጠፋም፣ በኋላ የሚያነበውን ጣት ያሳስታል። ዴቪድ አብርሃም ለፐርኪንስ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የሠራውና በ1951 መመረት የጀመረው የብሬል መኪና ነጥቡን ወደ ላይ ስለሚያወጣ ጸሐፊው መኪናው ላይ እንዳለ እጁን ዘርግቶ የመጨረሻውን ቃል ይዳስሳል። ሰዎች ስለ ፐርኪንስ ሲያወሩ ፍጥነቱን ያደንቃሉ። እኔ የማደንቀው ይህችን የእጅ መዘርጋት ነው።

ብሬል ራሱ ሌላም ነገር አስቦ ነበር። በ1839 የላቲን ፊደላትን ቅርጽ በነጥብ የሚሥል ሁለተኛ ጽሕፈት አወጣ፤ ዓይናማው በዓይኑ፣ ዓይነ ስውሩ በጣቱ አንድ ገጽ ላይ አንድ ቃል ያነቡ ዘንድ። ለአንዱ ፊደል ብዙ ነጥብ ስለሚጠይቅ እጅግ አዝጋሚ ነበር፤ የታሰበለት ነገር ግን ከፍጥነቱ በላይ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ፊደል ልምጣ፤ የማውቀውና የተሳሳትሁትም እዚያ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የአማርኛ ኪቦርድ ሠርቼ ነበር። አሠራሩ አብዛኞቻችሁ በየቀኑ የምትጠቀሙበት ዓይነት ነው፤ የእንግሊዝኛውን የኤል ቁልፍ ስትመቱ «ል» ይመጣል፤ የኤይን ቁልፍ ስታስከትሉ «ል» ጠፍቶ «ላ» ይተካል። «ሰላም» ለማለት አምስት ምት ይበቃል። ቅልጥፍናው ደስ አሰኝቶኝ ስክሪን ሪደር፣ ማለትም በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ የሚጠቀም አንድ የሕግ ተማሪ እንዲሞክርልኝ ለመንሁት። ሁለት ቃል ሳይጽፍ ቆመ። ለዓይን አንድ ፊደል በሌላ የሚተካበት ያ ቅጽበት ለጆሮ ሦስት ነገር ነው፤ «ል» ይባላል፣ የመሰረዝ ድምፅ ይሰማል፣ «ላ» ይባላል። «ሰላም» የሚለው ቃል «ስ፣ ሰ፣ ል፣ ላ፣ ም» ሆኖ በመሐሉ በመሰረዝ ድምፅ እየተቆራረጠ ይሰማዋል። ከዚያ ብሶ እርሱ ራሱ ሊሰርዝ ሲሞክር ፕሮግራሜ ዝም አለው። «ጋሼ፣ ያጠፋሁት ላ ይሁን ሰ አልነገረኝም» አለኝ። እውነቱን ነበር። ፊደል ሲገባ ምን እንደሚባል ሳምንታት አስቤበት ነበር፤ ፊደል ሲወጣ ምን እንደሚባል ግን አንድም ቀን አላሰብሁም።

ይህን ማስተካከል የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። «ል» በቃሉ መጨረሻ የቆመ ሳድስ ሊሆን ይችላል፤ አናባቢ የሚጠብቅ ጅምር ሊሆንም ይችላል፤ ፕሮግራሙ የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቀው የሚቀጥለው ቁልፍ ሲመታ ነው። ድምፁን እስከዚያ ካዘገየን ጸሐፊው ከእጁ አንድ ምት ወደ ኋላ የቀረ ወሬ ይሰማል፤ ወዲያው ከተናገርን ያልተወለደውን ፊደል እየጠራን እናደናግረዋለን። በመጨረሻ የያዝሁት መንገድ ተነባቢው ሲመታ አጭር የ«ጠቅ» ድምፅ ብቻ አሰምቶ፣ ፊደሉ ሲረጋ በሙሉ ስሙ መጥራት ነው። ፍጹም አይደለም። ብሬል የሚያውቅ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚያመልጥበት መንገድ እንዳለም መናገር ይገባኛል፤ የአማርኛ ብሬል ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ስለሚጽፍ በስድስት ቁልፍ፣ በስድስት ጣት፣ ያለ ላቲን ፊደል መጻፍ ይቻላል። በስክሪኑ ላይ ያለውን በሚነሡ ነጥቦች የሚያወጣ የብሬል ማሳያ ሰሌዳ ያለው ሰውማ የጻፈውን በጣቱ ስለሚያነብ የጆሮ ጣጣ አይመለከተውም፤ ዋጋው ግን ከአብዛኛው ተማሪ አቅም በላይ ነው።

ሁለተኛው ችግር የሞክሼ ፊደላት ነው። ስክሪን ሪደር «ሰ» ሲል ጸሐፊው የጻፈው የትኛውን እንደ ሆነ በጆሮው ሊለይ አይችልም። ሰዓሊው ሥዕል «ሣለ»፤ ጉንፋን የያዘው «ሳለ»፤ ሌባ «ሰረቀ»፤ ፀሐይ «ሠረቀ»። በዓይን የሚያነብ ሰው ልዩነቱን አይቶ ያልፋል ወይም ግድ አይሰጠውም፤ ማመልከቻውንና የመመረቂያ ጽሑፉን ለሌላ ሰው የሚያቀርብ ዓይነ ስውር ግን «ፊደል አይለይም» የሚባለው ባላየው ስሕተት ነው። ይህን ችግር ሳስብ ቆይቼ መፍትሔው ከእኛ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ ተዘጋጅቶ እንደ ነበር ስረዳ በራሴ ሣቅሁ። አባቶች ፊደል ሲያስቈጥሩ ሞክሼዎቹን በስም ይለዩአቸው ነበርና፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዓይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ትምህርቱ በቃል የሚሰጥ ስለ ነበር ለጆሮ የሚሆን ስም ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ስክሪን ሪደር የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። በ2006 አውስትራሊያ ውስጥ የተጀመረውና ያለ ክፍያ የሚሰጠው ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር፣ ጠቋሚው ያረፈበትን ፊደል የሚያስጠራው ቁልፍ ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ሲመታ የፊደሉን መለያ ስም የሚናገርበት ሥርዓት አለው፤ ለእንግሊዝኛ አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ ይላል። መለያ ስሞቹ ለየቋንቋው በተራ የጽሑፍ ፋይል የሚሞሉ ናቸው። ካዕብና ሣልሱንም በዚሁ ሥርዓት መጥራት ይቻላል፤ «ንጉሡ ሠ ራብዕ» ቢባል የማይገባው የቆሎ ተማሪ የለም። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ብቻ የተማረ ወጣት እነዚህን ስሞች ላያውቃቸው ይችላል የሚል ተቃውሞ ሰምቻለሁ። ዘጠኝ ስም ለመማር ግማሽ ቀን ይበቃል።

ሦስተኛው ለጆሮ አንባቢ የሚብሰው ችግር መጥበቅና መላላት ነው። ፊደላችን ጥብቀትን አይጽፍም፤ «ገና» በዓሉም ነው፣ ያልደረሰውም ነገር ነው፤ «ዋና» የሚዋኝበትም ነው፣ ቀዳሚውም ነገር ነው፤ «አለ» ተናገረም ነው፣ ኖረም ነው። ዓይናማው አንባቢ ከዐውዱ ተነሥቶ በልቡ ያጠብቀዋል ወይም ያላላዋል። የንግግር ሶፍትዌር ግን አንዱን መምረጥ ግዴታው ነው፤ ሲሳሳት ጸሐፊው «እኔ ነኝ የተሳሳትሁት ወይስ አንባቢው?» ብሎ ትክክለኛውን ቃል ይሰርዛል። አንድ የሕግ ሰነድ በዚህ ዓይነት ንባብ ሲያርም የዋለ ሰው አመሻሹ ላይ በራሱ ጽሑፍ ላይ እምነት ያጣል። የማይክሮሶፍት የአማርኛ ድምፆችን የመሰሉ አዳዲስ ሠራሽ ድምፆች ከቀድሞዎቹ እጅግ ይሻላሉ፤ ቢሆንም ለሚያርም ሰው የድምፅ ውበት ብቻውን አይጠቅመውም። ለጋዜጣ ንባብ የሚጥመው ለስላሳ ድምፅ ስሕተትን አለስልሶ ሊያልፍ ይችላል። የሚያርም ሰው የሚፈልገው የተጻፈውን እንደ ተጻፈ፣ ፊደል በፊደል፣ ቢሻክርም ሳያስመስል የሚያነብለት ድምፅ ነው። ስለዚህ ሁለቱን የንባብ ዓይነቶች ለይቶ በአንድ ቁልፍ የሚያቀያይር መሣሪያ ያስፈልጋል ብዬ እከራከራለሁ።

ስለ ኮዱ ጥቂት ቃል ልበልና ልለፍ። ፊደላችን የዓለም ፊደላት በአንድ የጋራ የኮምፒውተር ኮድ በሚመዘገቡበት ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው፤ የብሬል ቅርጾችም የገቡት በዚያው እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የየራሱን ኮድ ይጠቀም ስለ ነበር በስክሪኑ ላይ ግዕዝ የሚመስለው ጽሑፍ ለስክሪን ሪደር የላቲን ዝብርቅርቅ ነበር። ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ በአሮጌ ፎንት የተጻፉ ሰነዶችና በስካነር የተነሡ ቅጾች ሞልተዋል፤ ዓይነ ስውሩ ሠራተኛ ቅጹን ራሱ እንዲሞላ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት መጀመሪያ የሚነበብ ቅጽ ይስጠው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለማያዩ ሰዎች ነው። እጃቸው ለማይታዘዝላቸው ሰዎች ነገሩ ሌላ መልክ አለው፤ እነርሱ የጻፉትን ያያሉ፣ መመለሱ ግን ዋጋ ያስከፍላቸዋል። እጅግ የታወቀው ምሳሌ የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሆኪንግ ነው። በ1985 በሳንባ ምች ታሞ ጉሮሮው ተቀድዶ ድምፁን ካጣ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የሚግባባው ሰው ሰሌዳ ላይ ፊደል ሲጠቁምለት ቅንድቡን በማንሣት ነበር። ቀጥሎ ዋልተር ዎልቶዝ የተባለ አሜሪካዊ ባዘጋጀው ፕሮግራም እጁ ውስጥ በያዘው አንድ ስዊች ከሚንቀሳቀስ ዝርዝር እየመረጠ በደቂቃ እስከ 15 ቃል ይጽፍ ነበር። እጁም ሲደክም መነጽሩ ላይ የተገጠመ መሣሪያ የጉንጩን እንቅስቃሴ እያነበበ ቀጠለ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ፍጥነቱ ወደ አንድ ቃል በደቂቃ ወርዶ ነበር። የኢንቴል መሐንዲሶች የሠሩለት ሶፍትዌር በ2015 ለማንም ክፍት ሆኗል። በደቂቃ አንድ ቃል ለሚጽፍ ሰው አንድ ፊደል ስቶ መሰረዝ ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡት።

ቅንድብና ሰሌዳ ሲባል የእኛ የፊደል ገበታ ትዝ አይላችሁም? ልጁ በስንደዶ እየጠቆመ ሀ ሁ የሚልበት ገበታ፣ 33 ረድፍና 7 ዓምድ ያለው፣ በአንድ ስዊች ለሚጽፍ ሰው የተነደፈ ይመስላል። መብራት በየረድፉ ይወርዳል፤ ሰውየው የሚፈልገው ረድፍ ላይ ሲደርስ ስዊቹን ይጫናል፤ ከዚያ መብራቱ ከግዕዝ ወደ ካዕብ፣ ከካዕብ ወደ ሣልስ ይሄዳል፤ እንደ ገና ይጫናል። ነገር ግን ቍጥሩን እንመርምር። ሰ ሰባተኛው ረድፍ፣ ግዕዝ ነው፤ ስምንት እርምጃ። ላ ስድስት እርምጃ። ም አሥር። «ሰላም» በ24 እርምጃ ይጻፋል፤ መብራቱ በየሴኮንዱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። «የደገፈ» የሚለውን ቃል ግን ሞክሩ። የ 23ኛው፣ ደ 24ኛው፣ ገ 26ኛው፣ ፈ 32ኛው ረድፍ ላይ ናቸው፤ ሁሉም ግዕዝ ሆነው እንኳ ጠቅላላው 109 እርምጃ ይሆናል። ቃላቱ እያንዳንዳቸው ከአራት ፊደል የማይበልጡ ሆነው ሳለ አንዱ ሌላውን ከአራት እጅ በላይ ማስጠበቁ የገበታው ቅደም ተከተል ያመጣው ዕዳ ነው። ረድፎቹን ስድስት ስድስት አድርገን በቡድን ብንከፍላቸውና መብራቱ መጀመሪያ በቡድኖቹ ላይ ቢዘዋወር «የደገፈ» በ38 እርምጃ ያልቃል፤ «ሰላም» ደግሞ 22 ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ያለው ፈተና የመሐንዲስ ብቻ አይደለም። በአማርኛ ሳድስ እጅግ ይበዛል፤ ስለዚህ ሳድስን ወደ መጀመሪያው ዓምድ ብናመጣው ብዙ እርምጃ እንቆጥባለን፤ ኮምፒውተሩም ይህን ይመክራል። እኔ ግን አልስማማም። ገበታውን በዜማ የተማረ ሰው ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ የሚለው ምት በደሙ ውስጥ ስለገባ መብራቱ ሳድስ ላይ የሚደርስበትን ቅጽበት ሳያይ ይጠብቀዋል፤ ለመጫን የሚዘገይ ጡንቻ ያለው ሰው ደግሞ አስቀድሞ መዘጋጀት እንጂ መፍጠን አይደለም የሚያስፈልገው። ዜማውን ካፈረስንበት እርምጃ ቆጥበን ስሕተት እናበዛበታለን። ይልቅስ ስምንተኛ ዓምድ ጨምረን «ተመለስ» የሚል ብናስቀምጥበት በተሳሳተ ረድፍ የገባ ሰው ያልፈለገውን ፊደል ጽፎ ከመሰረዝ ይድናል። ገበታውን በልጅነቱ ላልተማረ ሰው የተለየ አሰላለፍ መስጠት ይቻላል፤ ምርጫው የጸሐፊው ይሁን።

እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ከዚህ ያነሰ ነገር ነው የሚሻው። በብዙዎቹ ኪቦርዶቻችን ጠ፣ ጨ እና ጰን ለመጻፍ ሺፍትን ይዞ ሌላ ቁልፍ መምታት ያስፈልጋል፤ በአንድ እጅ ለሚጽፍ ሰው ሁለት ቁልፍ በአንድ ጊዜ መያዝ መከራ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ሺፍትን አምስት ጊዜ በመምታት የሚከፈተው ቁልፎቹን በተራ የሚያስመታ አሠራር ብዙ ሰው በስሕተት ከፍቶ የሚበሳጭበት ነው፤ ለማን እንደ ተሠራ ሳያውቅ። በስልክ ላይ ደግሞ ፊደሉን ተጭኖ በመቆየት ካዕብና ሣልሱን ማውጣት ተለምዷል፤ የቆይታው ጊዜ በጸሐፊው የማይወሰን ከሆነ ጣቱን ቶሎ ማንሣት የማይችል ሰው ያልፈለገው ፊደል ይወጣበታል። ከሁሉ የምወደው መሣሪያ ኤሌክትሪክ እንኳ የለውም፤ በኪቦርዱ ላይ የሚቀመጥ፣ በየቁልፉ አንጻር የተበሳ ጠፍጣፋ ክዳን ነው። እጅ በክዳኑ ላይ አርፎ ጣት ብቻ በቀዳዳው ይገባል። ጎበዝ አናጢ በአንድ ቀን ይሠራዋል።

ቃልን አስቀድሞ መገመት ለእነዚህ ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነው፤ በአማርኛ ግን በቃላት ዝርዝር የሚሠራ ገማች ብዙ አይራመድም። «ስላልነገርኳቸውም» የሚለው አንድ ቃል ስለ፣ አል፣ ነገር፣ ኩ፣ አቸው፣ ም ተገጣጥመው የሠሩት ነው፤ እንዲህ ያለውን ቅርጽ ሁሉ በዝርዝር መያዝ አይቻልም። ገማቹ በቃል ሳይሆን በቅድመ ግንድ፣ በግንድና በድኅረ ግንድ ደረጃ ማሰብ አለበት፦ መጀመሪያ «ስላል»፣ ከዚያ ግሡ፣ ከዚያ ባለቤቱ። ይኸው ገማች ማንበብና መጻፍ ለሚያስቸግራቸው ልጆችም ይጠቅማል፤ ለእነርሱ ግን የቀረቡት አማራጮች ጮክ ተብለው ካልተነበቡላቸው ከሚመሳሰሉት መካከል መምረጡ ራሱ ሌላ ፈተና ነው። ለስክሪን ሪደር ተጠቃሚ ደግሞ በየፊደሉ ብቅ የሚለው ዝርዝር ጫጫታ ነው፤ ሲጠራ ብቻ ይምጣ። መስማት ለተሳነው፣ የመጀመሪያ ቋንቋው የምልክት ቋንቋ ለሆነ ጸሐፊም የግሡን ቅርጾች ከነባለቤታቸው ደርድሮ የሚያሳይ ገማች ከፊደል አራሚ የበለጠ ያግዘዋል። አንድ ነገር ግን ለሁሉም ይሠራል፦ ገማቹ ከጸሐፊው የተማረውን ሁሉ ጸሐፊው ሊያየውና ሊያጠፋው ይገባል። አንድ ጊዜ የጻፈው የበሽታ ስም፣ ጓደኛው አጠገቡ ቆሞ ሳለ ብቅ እንዲል የሚፈልግ ሰው የለምና።

በድምፅ ስለ መጻፍ ሳልናገር ብቀር ትታዘቡኛላችሁ። ጉግል በ2017 አማርኛን በድምፅ ከሚጻፍባቸው ቋንቋዎች መካከል ሲያስገባ ብዙዎቻችን ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር። ጥቅሙን አልክድም፤ በአንድ ቀን ሊጻፍ የማይችለውን ደብዳቤ በዐሥር ደቂቃ የጨረሱ ሰዎች አውቃለሁ። ነገር ግን አንደበታቸው ጭምር የታሰረባቸውን ሰዎች ሶፍትዌሩ አይሰማቸውም፤ ከሁሉም በላይ መሣሪያ የሚሹት ደግሞ እነርሱ ናቸው። «ሰርዝ» የሚለው ቃል ትእዛዝ ይሁን የደብዳቤው አካል መለየትም አለበት። ሌላም አለ። አራትና አምስት ሆነው በሚያድሩበት ዶርም ውስጥ ያለ ተማሪ ለእናቱ ደብዳቤ በድምፁ ሲጽፍ ክፍሉ በሙሉ ይሰማል። በፍርድ ቤት በር ላይ ለተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ጉዳያችሁን ነግራችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ነገራችሁን ይሰማል። በድምፅ መጻፍ ያን ጸሐፊ ተክቶታል እንጂ ጆሮዎቹን አላስወገደም። የቅኔ ተማሪ ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን በልቡ ቆጥሮ፣ ገልብጦ፣ አርሞ፣ ከጨረሰ በኋላ ነው ለመምህሩ የሚነግረው፤ ረቂቁን ማንም አልሰማውም። በድምፅ የሚጽፍ ሰው ግን ረቂቁን ያሰማል።

ንባብን በተመለከተ በ2013 ማራካሽ ላይ የተፈረመ ዓለም አቀፍ ውል አለ፤ ማየት የተሳናቸው ሰዎች መጻሕፍትን በሚያነቡት ቅርጽ እንዲያገኙ የቅጂ መብትን የሚያላላ፤ ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። ስለ አካል ጉዳተኞች ስንነጋገር ከመጻፍ ይልቅ ስለ ማንበብ ማሰብ የሚቀናን ይመስለኛል፤ ዕውቀትን የሚቀበሉ እንጂ የሚሰጡ አድርገን ስለማናያቸው ይሆን? በጀት በሚመደብበት ጊዜ የተቀዳ መጽሐፍ ቶሎ ይታሰባል፤ ተማሪው የራሱን ድርሰት የሚያርምበት መሣሪያ ግን በፈተና ቀን በሚመደብለት ጸሐፊ ተተክቶ ይታለፋል። ያ ጸሐፊ ቅን ሰው ሊሆን ይችላል። ተማሪው አንድን ዓረፍተ ነገር ለሦስተኛ ጊዜ «ተወው፣ አጥፋው» ለማለት ያፍራል፤ ስለዚህ ያልወደደውን መልስ ትቶት ያልፋል።

ያን የሕግ ተማሪ ከሁለት ወር በኋላ መልሼ ጠራሁት። ኪቦርዱ አሁን ፊደል ሲሰረዝ የተሰረዘውን ዝቅ ባለ ድምፅ በስሙ ይጠራ ነበር፤ «ንጉሡ ሠ ራብዕ፣ ጠፍቷል» ይላል። ኪቦርዱን ስሰጠው ምን እንደሚጽፍ ጠየቀኝ፤ የፈለገውን እንዲጽፍ ነገርሁት። የጆሮ ማዳመጫውን አጥልቆ ሩብ ሰዓት ያህል ጻፈ፤ አልፎ አልፎ ቆም እያለ ወደ ኋላ ይመለስ ነበር፤ እኔ ከማዶ ተቀምጬ የምሰማው የቁልፎቹን ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ ከመጨረሻው ጀምሮ ፊደል በፊደል፣ ሳይቸኩል፣ ሁሉንም ሰረዘው። «አሁን ይነግረኛል» አለኝ። የጻፈው ምን እንደ ነበረ አልጠየቅሁትም።